ሁለት ድስት አይጣድም

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾሙ ገባ። ልጄ ቴዲ ከአዲስ አበባ የላከልኝ አጀንዳም ዛሬ ተከፈተ።

ድሮ አውቶቡስ ስነዳ እንዲህ ባለ ደብተር ላይ የምጽፈው ዘይት የተቀየረበትን ቀንና የጎማውን ነገር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚቀየር ዘይት የለም፤ እንግዲህ ያየሁትን እጽፋለሁ። ዛሬ ያየሁት ጭጋግ ነው። ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ ቡታጅራን እንዳለ ውጧታል። ጎረቤት የሚያስለው ሰውዬ ይሰማል እንጂ አይታይም።

ከጾሙ ጋር እንቅልፍም አብሮ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማልቀምስ፣ እኩለ ቀን ላይ በረንዳ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ጭልጥ እላለሁ። ዛሬ አውቶቡሴን ስነዳ አየሁ። ባዶ ነው፣ አንድም ተሳፋሪ የለም። ከጎኔ የሞተሩ ኮፈን ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣ ሸንኮራ ትግጣለች። ኮፈኑ ሞቋት ዓይኗ ስልምልም ይላል። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። መንገዱ ግን ደስ ይል ነበር፤ ሁለቱም ዳር አደይ አበባ ብቻ።

የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

በግ ገዛሁ። ነጭ፣ ላቱ እንደ ትራስ የተኛ፣ ደህና በግ።

“ገና ገና ሳይደርስ ምን አጣደፈህ?” አለች ብርቄ። ብርቄ ሚስቴ ናት። የኔን ሥራ ሳትነቅፍ ቀኑ አይመሽላትም።

“ላወፍረዋለሁ።”

“ለስንት ሰው?”

“ለቤቱ ሰው ነዋ!”

“የቤቱ ሰው ዘንድሮ ስንት ነው?” ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሯ ገብቶኛል። እንሴኖ ስላለችው ነው። ሁለተኛዋ ልጃችን ናዝሬት ባለፈው ሚያዝያ አግብታ እንሴኖ ገብታለች። ባሏ ሙዝደሊፋ የበርበሬ ነጋዴ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ እሷም የሱን ሃይማኖት ይዛለች። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። ሽማግሌ ሲልክ አልመለስኩም፣ መርቄ ሰጥቻለሁ። ማንም መጥቶ ገብሬ እንዲህ አደረገ ሊለኝ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ግን ይህን ደጅ አልረገጠችም። ለመስቀል እንኳ “አሞኛል” ብላ ቀረች። ኧረ ለመስቀል አገሩ የማይገባ የጉራጌ ልጅ አለ? ከሞያሌም ከመተማም የሚመጣ ሰው ስጭን ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ እሷ ከእንሴኖ፣ ከዚህች ከአፍንጫችን ሥር፣ መንገዱ ጠፋት።

ምን ቸገረኝ። ትልቅ ሰው ናት።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ። ጽዮን

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኛሁ። አውቶቡሱ አሁንም ባዶ ነው፣ ልጅቷም አለች። ዛሬ ጥሩምባውን ንፊ አልኳትና ነፋች። ከእንቅልፌ ስነቃ ለካ የአይስክሬም ሻጩ ጥሩምባ ኖሯል።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጮህኩ። ባልጮህ ይሻል ነበር።

ብርቄ ትንሿን ድስት ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። እንዲህ ስትቀመጥ ነገር እንዳላት አውቃለሁ። “ለገና ናዝሬትን ከነባሏ ልጥራቸው” አለች። እሺም እምቢም ሳልል ቀጠለች። “አንተ በግህን ታርዳለህ። ለነሱ የድሮ ረዳትህ አብዱልሃፊዝ መጥቶ ዶሮ ያርድላቸዋል። በዚች በትንሿ ድስት ለብቻ እሠራላቸዋለሁ፣ ለብቻ ትሪ አቀርብላቸዋለሁ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው።”

እውነቷን ነው። እኔ ያረድኩትን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም። በሠርጉም በለቅሶውም ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ቦታ ይበላል፣ ማንም ቅር አይለውም። እኔ ራሴ ስንት ሠርግ ላይ “የክርስቲያን ወዲህ፣ የሙስሊም ወዲያ” እያልኩ እንግዳ አስተናግጃለሁ።

ያቺን ትንሽ ድስት ግን አየኋት። አንድ እጀታዋ የወለቀ፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ። አየኋትና ጠላኋት።

“በቤቴ ሁለት ድስት አይጣድም!” አልኩ።

ጮኼ ነው ያልኩት። በጉ እንኳን ደንግጦ ገመዱን ወጠረው። ብርቄ ድስቷን አንስታ ቆመች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። “እንግዲህ ተናገርክ” ብላኝ ሄደች። ጠርቼ ላስረዳት ነበር፤ ግን ምን ብዬ? ምን እንዳልኩ አውቃለሁ፣ ለምን እንዳልኩት ግን ከአፌ አልወጣ አለ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ዛሬ አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ሁሉም ተሳፋሪ በአንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ ይበላል፣ ይሳሳቃል። ልጅቷ ኮፈኑ ላይ የለችም። በመስተዋቱ ብፈልጋት ከኋላ በር አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ትንሽዬ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ለብቻዋ ትበላለች። አንገቷን ደፍታ፣ ቶሎ ቶሎ። ጥሩምባ ነፋሁ፣ አልዞር አለች። ደጋግሜ ነፋሁ።

ስነቃ አንገቴ በላብ ርሷል። ብርቄ “ምነው ታቃስታለህ?” አለችኝ። “ጨጓራዬ ነው” አልኳት።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ጓሮ ለበጉ ቅጠል ልቆርጥ ወጥቼ ነው። ብርቄ ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ስልክ ታወራለች፤ እንዳለሁ አላየችም።

“አባትሽማ ሁለት ድስት አይጣድም ብሏል… አይ ልጄ፣ አታልቅሺ… እኔስ ምን ላድርገው፣ አንዴ ከተናገረ… አዎ፣ አትምጡ ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ትርጉም አለው?”

አትምጡ አልኩ እንዴ እኔ? መቼ ወጣኝ? ወጥቼ ስልኩን ነጥቄ “ውሸት ነው!” ማለት ነበረብኝ። እንሰቱ ሥር እንደ ሌባ ቆሜ እንዳልሰማ ሰው አሳልኩ። ብርቄ ስልኩን በነጠላዋ ከለለችው። እኔም ቅጠሌን ይዤ ወደ በጌ ሄድኩ።

አሁን ደግሞ ምን ብዬ ልጀምረው? “ትናንት ተደብቄ ስሰማ” ብዬ?

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ጭጋግ። ሽሮ። እንቅልፍ። ብርቄ አታናግረኝም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ። በዓታ

ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የማውቀው ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና “አንተስ ወንድ ነህ ገብሬ! ልጅም ቢሆን ቆርጦ መጣል እንዲህ ነው። ጸንተሃል” አለኝ። አጠገቡ ያሉትም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምስጋና መሆኑ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። “ማንን ቆረጥኩ?” ልለው አፌን ከፈትኩና “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ አለፍኩ። እግዜር ይስጥልኝ! ለምኑ?

መንገድ ለመንገድ ቤት ድረስ ያንን ሰውዬ ስሰድበው መጣሁ፣ በልቤ። ከመስጊዱ ጥግ ስደርስ አዛን ሆነ። የሉካንዳው ልጅ መንጠቆዎቹን እየወለወለ ያፏጫል፣ በጾም ሥራ ፈቷል። ፀሐዩ ደግሞ ያ የታኅሣሥ ፀሐይ፣ ሰውን ቆሞ የሚያስተኛው። እንሴኖም ይኸው ፀሐይ ነው ያለው ብዬ አሰብኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ብርቄ ዛሬ አናገረችኝ። ባታናግረኝ ነበር የሚሻለው።

“የገና ለት እንሴኖ ነኝ” አለች። “ልጄ ጋ። ያቀረበችልኝን ጎመንም ይሁን ሽምብራ በልቼ እመጣለሁ። አንተ ከበግህ ጋር ዋል።”

ለቴዲ ደወልኩ፣ እናቱን እንዲመክርልኝ። እሱ ብሶ “እማዬ ከሌለች እኔስ ምን ልሠራ እመጣለሁ አባዬ? በጉን እናንተ ሁለታችሁ ጨርሱት” ብሎ ሳቀብኝ። ማንን ሁለታችሁ? እኔና በጉን!

በሠላሳ ምናምን ዓመት ትዳር ገናን ብቻዬን ውዬ አላውቅም። መንገድ ላይ እንኳን ሆኜ ዋዜማውን ነድቼ እገባ ነበር። ልጆቹ የሞተሩን ድምፅ ከመታጠፊያው ያውቁታል፣ ተንጋግተው ይወጣሉ። ከሁሉ የሚቀድመው እግር የማን እንደነበር መጻፍ አያስፈልግም።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

አብዱልሃፊዝ መጣ። አውቶቡሱ ላይ ሃያ ዓመት ረዳቴ ነበር፤ አሁን መናኸሪያ በር ላይ ጎማ ይለጥፋል። ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ነው የገባው። በሩ ላይ ቆሞ በጉን አየና “ማሻአላህ! ጋሼ፣ አንተን ጾሙ ሲያከሳህ ይኼኛው ለሁለታችሁም በላ” አለ።

አጠገቤ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ከሱ ጋር ዝም ማለት አይከብድም፣ ግማሹን አገር እንዲህ ዝም ብለን ነው የዞርነው። ዓይኔ ሊከደን ሲል ጀመረ።

“ጋሼ፣ ሆሳዕና ከተማ ስናድር ምን ነበር የምንበላው?”

“ምን አስታወሰህ? ፉል ነዋ። እንቁላል። ሽሮ።”

“ሥጋ ቤት አልነበረም?”

“ከመኝታችን ፊት ለፊት ሁለት ነበር እንጂ! የኛው በግራ፣ የናንተው በቀኝ። ሽታው እንቅልፍ ይነሳን አልነበር?”

“ታዲያ ለምን አንድ ቀን አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ ገብተን በልተን አንወጣም ነበር?”

ቀላል ጥያቄ ነው። ሃያ ዓመት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

“ብቻዬን መብላት አልወድማ” አልኩት።

“ወላሂ እኔም አልወድም” አለ። “ስለዚህ ሥጋውን ተውነው።”

የሰማውን ሰምቶ እንደመጣ አውቄያለሁ፣ ብርቄ ልካው ሊሆንም ይችላል፤ ግን አልመከረኝም፣ አልወቀሰኝም። “የናዝሬት ባል ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡን አውቃቸዋለሁ” ብቻ ብሎኝ ተነሳ። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ “ያ የሆሳዕና ፉል ግን ይጣፍጥ ነበር አይደል?” አለኝ።

ከሄደ በኋላ በጉን አየሁት። በጉም አየኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ደወልኩላት! ዛሬ ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ።

ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ድስት ነው የሚጣደው፣ ግን ሥጋ አይገባበትም አልኳት። በጉን አላርድም፣ ጎመን ክትፎ በቅቤ፣ አይብ፣ ቆጮ፤ አንቺም እኔም ባልሽም ከአንድ ትሪ እንበላለን አልኳት። “ሁለት ድስት አይጣድም ያልኩት ለብቻሽ ስትበዪ ማየት ስለማልችል ነው እንጂ ጠልቼሽ አይደለም” አልኳት። እንዲህ ቀጥ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ቃሉ ራሱ ይፈስ ነበር።

“እሺ አባዬ” አለችኝ። ሸንኮራ ስትግጥ ይሰማኝ ነበር። የሞተር ድምፅም ነበር፣ መንገድ ላይ ሳትሆን አትቀርም።

ለብርቄ አልነግራትም። እሷም ትንሽ ትደንግጥ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ። ገብርኤል

ልቤ ቀላል ነው። ጭጋጉ እንኳን ደስ ይላል፤ ሰው ከውስጡ ብቅ ሲል ዘመድ የመጣ ይመስላል።

ብርቄ ቅቤ አነጠረች። በጾም ቅቤ ማንጠር ቅጣት ነው፣ ቀምሳ አታየውም፣ በማሽተት ብቻ ነው የምትገምተው። እኔን ወንበሬ ላይ መዓዛው ብቻ አስተኛኝ። ዛሬ ሕልምም አላየሁ።

“ጎመን በብዛት ግዢ” አልኳት። “አይብም።”

“በጾም መፍቻ ጎመን? ምን ነካህ?”

“ግዢ ነው የምልሽ።”

“ለብቻህ የምትውል ሰው ነህ፣ ማን ሊበላልህ ነው?” አለችኝ። ሳቅኩ። ሳቄን ስታይ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ብርቄ ለከነገ ወዲያው መንገዷ ቅቤውን ለልጇ በብልቃጥ ትሞላለች። እኔ በኩራት ቁጭ ብዬ፣ “ምን ያደክምሻል? እሷው ራሷ ትመጣ የለም እንዴ” አልኳት።

“ማን ጠርቷት?”

“እኔ! ደውዬላታለሁ እኮ። ሰኞ ለት።”

ብልቃጡን አስቀመጠች። “ስልክህን አምጣ” አለችኝ። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ነካካችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። የቁጣ አይደለም፣ ቁጣዋን አውቀዋለሁ። “ከመስቀል ወዲህ ለሷ አልደወልክም ገብሬ። ለቴዲ ደውለሃል፣ ለአብዱልሃፊዝ ደውለሃል። ለሷ የለም።”

“ኧረ አውርተናል! ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እሺ አባዬ አለችኝ። ሸንኮራ እየጋጠች…”

“ናዝሬት ትልቅ ሰው ናት” አለች ብርቄ ቀስ ብላ። “ሸንኮራ የምትግጠው ስድስት ዓመቷ እያለ ነው፣ አውቶቡስህ ላይ።”

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ቃል የተናገርኩት ወንበሬ ላይ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ግማሽ ወር ሙሉ የታረቀ ሰው መስዬ የተንጎማለልኩት በባዶ ነው። ልጄ እንሴኖ ሆና አባቴ አልፈለገኝም እያለች፣ እኔ እዚህ እስቃለሁ።

እንባ ነው የመጣብኝ። ብርቄ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። “ምን አልካት፣ በሕልምህ?” አለችኝ። ነገርኳት። ያንን ሁሉ፣ ስለ ትሪውም፣ ስለ ድስቷም። ስጨርስ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያዘች። “ይህን በአፍህ ብትለው ምን ነበረበት? ታኅሣሥን በሙሉ አስለቀስከን እኮ” አለችኝና ስልኩን ደውላ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

ጠራ፣ ጠራ።

“አባዬ?”

በሕልሜ እንደዚያ ይፈስ የነበረው ቃል የት እንደገባ እንጃ።

“ነይ” አልኳት። “የገና ለት። ሰውየውንም ይዘሽ ነይ።”

“ምን ብለን አባዬ?”

“ምን ብለን ማለት ምንድን ነው? ገና ነው!” አልኩና ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን አውራ ጣቴ አላውቅም። መልሰን ብንደውል፣ ማታ ብንደውል፣ “ጥሪ አይቀበልም” ይላል።

ስለ ድስቱ ምንም አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ። ዋዜማ

ስልኳ አሁንም አይሠራም። ቴዲ ከአዲስ አበባ ገባ። በጉ ሲጮኽ ሰምቶ “ቢላው ተስሏል?” አለ። ተስሏል፣ ለጎመን ነው አልኩት። እየቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ብርቄ ደግማ ነገረችው። መሳቁን ተወ።

“አባዬ፣ አርባ ሦስት ቀን ጎመን የበላሁት ለገና ጎመን ልበላ ነው?”

“አዎ።”

“ካልመጣችስ?”

እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ብርቄ “እስከ ምሳ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ” ብላለች። ጎመኑን ራሴ ነው የምከትፈው፣ የበዓል ክትፎ በሴት እጅ አይነካም። አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ። ገና

ሌሊቱን ቆመን አስቀድሰን ሲነጋ ገባን። እዚህ አገር የገና ጠዋት ሰው ቤቱ ሲደርስ ነው የሚበላው፣ ጫማውን ሳያወልቅ። ከግራ ከቀኝ የዶሮው ወጥ፣ የጥብሱ ሽታ በአጥር እየዘለለ ይገባል። ቴዲ ማዕዱን አየ፣ እኔን አየ።

“እንጠብቃለን” አልኩ።

“አባዬ ጾሙ እኮ ተፈታ!”

“የኔ አልተፈታም።”

ብርቄ ጎመኑን በድስቱ ከደነችና እሷም ቁጭ አለች። ጎመኑን ደቃቅ አድርጌ ነው የከተፍኩት፣ ክንዴ እስኪዝል። ቅቤውና ሚጥሚጣው ገብቶበታል፣ አይቡ ነጭ ሆኖ በጎን አለ፣ ቆጮው ተቆርጧል። ፀሐይ ወጣ። ፀሐይ ሞቀ። ወንበሬ ላይ ብቀመጥ እንደምተኛ ስላወቅኩ ደጁ ላይ ቆምኩ። ዛሬ ደግሞ በሕልሜ መጣችልኝ ማለት አልፈለግኩም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ልቤ አብሮ ያልፋል።

እኩለ ቀን ሲሆን ብርቄ ነጠላዋን ማጣፋት ጀመረች። “እንግዲህ ልሂድ ገብሬ” አለች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። “ሂጂ። ለሷ ጎመኑን ጭነሽ ሂጂ” አልኳት። ድስቱን በጨርቅ ስትቋጥር ነው አንድ ባጃጅ በር ላይ የቆመው።

መጀመሪያ የወረደው ሙዝደሊፋ ነው፣ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዞ። ከኋላው እሷ። በደንብ ተሸፋፍናለች፣ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከስታለች። ናዝሬት። ልጄ። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። አንስቼ መሳም እንኳን ረሳሁ፣ እጄ ራሷ ላይ ቀረ።

“እንኳን አደረሳችሁ ጋሼ” አለ ሙዝደሊፋ። ሳይቀመጥ ቀጠለ፣ “እኛ በልተን ነው የመጣነው፣ እንዳትቸገሩ።”

“አዎ፣ በልተን ነው” አለች እሷም ቶሎ ብላ። በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ ስባ ተቀመጠች፣ ጥግ ላይ። “እናንተ ብሉ፣ እኛ እናወጋችኋለን።”

“ወዲህ ቅረቢ” አልኳት።

“ደህና ነኝ እዚህ አባዬ።”

“ቅረቢ እኮ ነው የምልሽ!”

ድምፄ ከፍ አለ። ብርቄ “ገብሬ!” አለች። ናዝሬት አልተቆጣችም፣ ፈገግ አለች። “አባዬ፣ ሁለት ድስት አይጣድም እንዳልክ አውቃለሁ” አለችኝ። “እንዲጣድልኝ አልመጣሁም። ነይ… ነይ ስትለኝ ጊዜ፣ ስትበሉ አይቼ ልመለስ ብዬ ነው። ድሮ ቤታችን ገና እንዴት እንደሆነ ልይና ልሂድ።”

እግዚኦ። ስትበሉ አይቼ ልመለስ! ይህን ብላ ነው ከእንሴኖ የመጣችው። ብርቄ የቋጠረችውን ድስት ተቀብዬ ጨርቁን ፈታሁና መሬት ላይ መካከላችን አስቀመጥኩት። ክዳኑን አነሳሁ።

ናዝሬት ከዱካዋ አንገቷን አስግጋ አየች። አረንጓዴ ነው። “ሥጋውስ?” አለች።

“ጓሮ ቆሞ ቅጠል እየበላ ነው” አለ ቴዲ። “ከኔ የተሻለ ገና የዋለው እሱ ነው።”

ማንም አልሳቀም። እሷ ወደ ጓዳ አየች፣ ሌላ ድስት ይኖር እንደሆነ። ወደ እናቷ አየች። ብርቄ ራሷን ነቀነቀች፣ “የለም ልጄ፣ ይኸው ብቻ ነው። አባትሽ ለብቻሽ ስትበዪ ማየት አልችልም ብሎ ነው። ያኔም ይህንን ሊል ነው የጮኸው፣ መናገር አያውቅበትም እንጂ።”

ያን ጊዜ ተነሳች። ዱካዋን ትታ መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ በቀኜ። ሙዝደሊፋን በግራዬ አስቀመጥኩት። ትሪው ላይ ሁሉም ተደረገ። እኔ “በስመ አብ” ስል እሱ ቀስ ብሎ “ቢስሚላህ” አለ፣ እኩል ነው የወጣን። ቴዲ እንኳን ጎመኑን ሲቀምስ ማጉረምረሙን ተወ።

ናዝሬት ግን እጇን አልሰደደችም። ጭኗ ላይ አድርጋ ትሪውን ታያለች።

“በልተናል ስላልሽ ነው? አንድ ጉርሻ እንኳን ቅመሺ” አልኳት።

ሙዝደሊፋ አቀረቀረ። “ጋሼ፣ ዋሽተናል” አለ። “ወላሂ እሷ ትናንትም ዛሬም እህል በአፏ አልዞረም። ብዪ እያልኩ ስደክም ነው የዋልኩት። ‘ነይ ብሎኛል፣ ምናልባት ያጎርሰኝ ይሆናል’ ትላለች።”

ጎመኑን በቆጮ ጠቅልዬ አነሳሁ። ቸኩዬ ስለነበር አይቡ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አጎረስኳት። ሳትውጠው ሌላ ጠቀለልኩ።